የቀኝ ጎን ትዝብቶች

1.

ከቀዶ ሕክምና ለተመለሰ ሰው የሚባለው ተመሳሳይ ነው። «እንኳን እግዚአብሔር ማረሽ። ወጣልሽ አይደል? በቃ!» እህቴ እትዬም «በቃ፣ ተመስገን» ትላለች። ይህን ስትል ቀኝ ክንዷን ጎኗ ላይ ለጥፋ ይዛለች። እንዲህ መያዝ የጀመረችው ሆስፒታል ተኝታ ሳለች ነው። ዓመት አልፎታል፤ ክንዷ ከጎኗ አልተላቀቀም።

2.

የቀኝ ሳንባ ሦስት ክፍል አለው፤ የግራው ሁለት። ሐኪሞች ክፍሉን ሎብ ይሉታል። እትዬ የወጣላት የቀኙ የላይኛው ሎብ ነው።

ጠያቂዎች ስለ ወጣው ይጠይቃሉ። ምን ያህል ነበር? ለምርመራ ተላከ? ውጤቱ ምን አለ? ስለ ቀረው የጠየቀ አላጋጠመኝም። ከእንግዲህ የሚያኖራት ግን የቀረው ነው። ባዶውን ቦታ ለመሙላት የቀሩት ሎቦች ይለጠጣሉ፤ ድያፍራሙ ከፍ ይላል። አንድ ሎብ የወጣለት ሰው በወራት ውስጥ ከትንፋሽ አቅሙ አብዛኛውን መልሶ ያገኛል፤ ሁሉንም አያገኝም። አንድ ሙሉ ሳንባ የወጣለት ሰው ሲሶ ያህሉን ለዘለቄታው ያጣል።

3.

«እናቴ፣ ሕመም አለዎት?»

«ተመስገን፣ ደህና ነኝ ዶክተር።»

ሐኪሙ ካርዱ ላይ ጻፈ። ወጥተን ታክሲ ያዝን። የደህንነት ቀበቶው ደረቷ ላይ ሲያርፍ ያቃጥላታል። ሹፌሩ ትራፊክ እንዳይቀጣው ለመናት። ቀበቶውን አስራ በሁለት እጇ ከደረቷ አርቃ እንደያዘች ቤት ደረስን።

በሚቀጥለው ቀጠሮ ሐኪሙ ጥያቄውን ለወጠ። «ከዜሮ እስከ አሥር ቢሰጡት ስንት ይሆናል?» ትንሽ አሰበች። «እግዚአብሔር የሰጠኝን እኔ ስንት ልበለው?» አለች። ከዚያ ሐኪሙ እንዳይቀየም «ሁለት» አለች። ሌሊት ሌሊት ሦስት ትራስ ተደግፋ ነው የምትተኛው። ይህን አልነገረችውም። እሱም ስለ እንቅልፏ አልጠየቃትም።

4.

ከእያንዳንዱ ጎድን አጥንት ሥር ደም መልስ፣ ደም ቅዳና ነርቭ ተያይዘው ያልፋሉ። ነርቩ ከሁሉም ዝቅ ብሎ ነው የሚሄደው። ደረት ሲከፈት ጎድኖቹ በብረት ይፈለቀቃሉ፤ ነርቩ እዚያ መካከል ይጫናል። ደረታቸው ከተከፈተ ሰዎች ውስጥ ወራት አልፎም የማይለቅ ሕመም የሚቀርባቸው ብዙ ናቸው፤ ጥናቶች ከአራት ሰው አንድ ከሚሉት ጀምሮ ከግማሽ በላይ እስከሚሉት ይደርሳሉ። በትንሽ ቀዳዳ በካሜራ የሚሠራው ቀዶ ሕመሙን ይቀንሳል፤ ጨርሶ አያስቀርም።

የእትዬ ጠባሳ ንጹሕ ነው። ቁስሉን ያጠቡላት ነርሶች ሁሉ አድንቀዋል። ከጠባሳው በታች፣ ወደ ፊት ወደ ጡቷ የሚዞር መዳፍ የሚያህል ቦታ አለ። በመርፌ ጫፍ ስነካው አይሰማትም። ያንኑ ቦታ ነጠላዋ ሲነካው ትንፋሿን ትይዛለች።

ቤተሰቡ ጠባሳውን አይቶ ድናለች ይላል።

5.

ሐኪሙ ለዚህ ሕመም ጋባፔንቲን አዘዘላት። ልጇ ወረቀቱን አነበበ። «የሚጥል በሽታ መድኃኒት ነው እኮ የሰጡሽ!» አለ። አቆመች። ሌላ ጊዜ አሚትሪፕቲሊን ታዘዘ። አንድ ጎረቤት «እሱ ለተጨነቀ ሰው የሚሰጥ ነው» አሉ። እሱንም አቆመች።

ሁለቱም የተቆጣ ነርቭን ለማብረድ ከሚታዘዙት የመጀመሪያዎቹ ናቸው። ይህን ለማስረዳት ሦስት ደቂቃ ይበቃል። ያን ሦስት ደቂቃ የሰጣት ሰው አልነበረም። አሁን የምትውጠው ፓራሲታሞል ነው። ለነርቭ ሕመም የሚያደርገው እምብዛም ነው። ግን ማንም አይከራከርበትም።

6.

ስልክ ቶሎ ትዘጋለች። ቀድሞ ከአክስታችን ጋር ሰዓት ታወራ ነበር። አሁን «ደህና ናችሁ? እኔም ደህና ነኝ፣ በሉ ቻው።» ረጅም ዓረፍተ ነገር መሀሉ ላይ ትንፋሽ ይፈልጋል። አክስታችን «ከታመመች ወዲህ ኮራች» ብለው ተቀይመዋል።

7.

ሚኒባስ ስትሳፈር ከመስኮት ዳር ሌላ ቦታ አትቀመጥም። ተቀምጣ መስኮቱን ትከፍታለች። ከኋላ «እህቴ፣ እባክሽ ዝጊው፣ ብርድ ይመታናል» ይባላል። ትዘጋለች። ትንሽ ቆይታ ጣት የሚያህል ትከፍታለች። ከጎኗ ያለው ሰው እጁን ዘርግቶ ይዘጋዋል። «አሞኛል» አትልም።

አንድ ቀን እኔ አልኩላት። «ይቅርታ አድርጉልን፣ ሳንባዋን ቀዶ ሕክምና ተደርጎላት ነው፣ አየር ያስፈልጋታል።» መኪናው ሙሉ አዘነ። ሴቶቹ «እግዚአብሔር ይማርሽ እናቴ» አሉ። አንድ አዛውንት ከመቀመጫቸው ተነሥተው ዘንበል አሉና መስኮቱን ጥርቅም አድርገው ዘጉት። «ሳንባ ለታመመ ሰውማ ነፋስ ጠላቱ ነው ልጄ» አሉኝ። ከልባቸው ነው። እስክንወርድ ድረስ በሐዘን ሲመለከቷት ነበር።

ፊት ላይ የሚነፍስ ቀዝቃዛ አየር የትንፋሽ ማጠርን ስሜት እንደሚያቀል በጥናት ታውቋል። በውጭ አገር ሐኪሞች ለዚሁ ብለው ትንሽ የእጅ ማራገቢያ ያዛሉ። እትዬ ማንም ሳይነግራት የከሰሏን ማራገቢያ አልጋዋ ራስጌ አድርጋለች። ሰው ሲመጣ ትራሷ ሥር ትከተዋለች።

8.

«ታጨስ ነበር እንዴ?»

ይህን ያልጠየቀ የለም። አንዳንዱ ከእሷ ደብቆ እኔን ኮሪደር ላይ ይጠይቃል። «አታጨስም ነበር» ስል ጠያቂው ግራ ይጋባል። ብታጨስ ኖሮ ጥፋቱ ይታወቅ ነበር፣ እሱም ስለማያጨስ ይረጋጋ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው አገር አቀፍ የትንባሆ ጥናት ከኢትዮጵያ አዋቂዎች ትንባሆ የሚጠቀሙት 5 በመቶ ነበሩ። ከሴቶች 2 በመቶ አይሞሉም ነበር። አዋጅ ቁጥር 1112/2011 በቤት ውስጥ ባሉ የሕዝብ መሰብሰቢያና የሥራ ቦታዎች ማጨስን ከልክሏል። ጥሩ ሕግ ነው። የእትዬ የሥራ ቦታ ግን የጓሮ ማድ ቤት ነበር። በእንጨት እሳት እንጀራ እየጋገረች ሸጣ ነው ልጆቿን ያስተማረችው። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ ቤት ውስጥ የሚነድ የድንጋይ ከሰል ጭስን በሰው ላይ ካንሰር እንደሚያመጣ በተረጋገጠው ምድብ አስቀምጦታል። የእንጨት ጭስን ደግሞ ሳያመጣ አይቀርም በሚለው። የእሷ ካንሰር ከምን እንደመጣ ማንም ሊነግረን አልቻለም። ስለ ማድ ቤቱ የጠየቀን ግን አንድም ሰው የለም።

9.

ከሆስፒታል የወጣች ዕለት ቤቱ ተጎዘጎዘ። ቡና ተቆላ። ጭሱን ሁሉም እንዲያሸት መቁያው በየሰዉ ፊት ዞረ። መጀመሪያ የቀረበው ለእሷ ነው፤ የክብር እንግዳ ናት። ቀጥሎ ዕጣን ተጨሰ፣ ደህና ተደርጎ። ለምስጋና ነው። ሳል ያዛት። ትራስ ደረቷ ላይ አቅፋ ነው የምትስለው፤ ሆስፒታል እንዲያ አስተምረዋታል። ጭሱ መሀል ትራሷን አቅፋ ስትስል «አይዞሽ፣ አይዞሽ» እያሉ በሩን ዘጉላት።

10.

ፋሲካ ደረሰ። ልጆቿ የኤሌክትሪክ ምጣድ ገዝተውላታል። «ከእንግዲህ ጭስ አጠገብ ብትደርሺ እንጣላለን» ብለዋታል። በዋዜማው መብራት ጠፋ። ማንም ምንም አላላትም። ነጠላዋን አደግድጋ ወደ ጓሮ ስትወርድም ማንም አልያዛትም። በበዓሉ ዕለት ትልቁ ልጇ ሲጎርስ «የእንጨቱ እኮ ሌላ ነው» አለ። በጣም ደስ አላት። ያን ቀን ፊቷ ላይ ያየሁትን ደስታ ከቀዶው ወዲህ አላየሁም። ልጁን ልቆጣው ብዬ ተውኩት።

11.

ኤፕሪል 5 ቀን 1933 እ.ኤ.አ.፣ ሴንት ሉዊስ፣ አሜሪካ። ቀዶ ሐኪሙ ኤቫርትስ ግራሃም ካንሰር የያዘውን የግራ ሳንባ ሙሉ በሙሉ በአንድ ጊዜ አወጣ፤ ታማሚው ተረፈ። የመጀመሪያው ነው። ታማሚው ጄምስ ጊልሞር ራሱ ሐኪም ነበር። የቀረውን ባዶ ለማጥበብ ከጎድን አጥንቶቹም ወጡ። ከቀዶው በፊት ወደ ከተማው ተመልሶ ጥርሱን እንዳስሞላ፣ በዚያው ጉዞ የመቃብር ቦታ እንደገዛ ይተረካል።

በ1950 ግራሃም ከኧርነስት ዊንደር ጋር ሆኖ ሲጋራ ከሳንባ ካንሰር ጋር ያለውን ግንኙነት የሚያሳይ ጥናት አሳተመ። ለብዙ ዓመታት ራሱ ያጨስ ነበር። በ1957 በሳንባ ካንሰር ሞተ። ጊልሞር በአንድ ሳንባ እስከ 1963 ኖረ።

ስለ ጊልሞር ሁሌም የሚጠቀሰው የኖረው ዘመን ብዛት ነው።

12.

በ1995 እ.ኤ.አ. የታተመ የአሜሪካ ጥናት ሎቡን ሙሉውን ማውጣት ይሻላል ብሎ ደመደመ። ሩብ ምዕተ ዓመት ያህል በዚያ ተሠራ። በ2022 ከጃፓን፣ በ2023 ከአሜሪካ የታተሙ ጥናቶች ከ2 ሴንቲ ሜትር ላልበለጠ ዕጢ የሎቡን የተወሰነ ክፍል ብቻ ማውጣት ዕድሜን እንደማያሳጥር አሳዩ። የተረፈው ትንፋሽ ግን ከተጠበቀው አነስ ይላል፤ በጃፓኑ ጥናት ከዓመት በኋላ የታየው ልዩነት 3.5 በመቶ ገደማ ነው።

የእትዬ ዕጢ ከዚያ ልክ በጣም ይበልጥ ነበር። ልጇ ልኩን ያውቃል። ወረቀቱ በእጁ ነው። ቢሆንም «ትንሽ ብቻ ቢያወጡላት ኖሮ» ማለቱን አላቆመም።

13.

የውጭ አገር ሐኪሞች ሳንባቸው የተቀነሰ ሰዎችን ስለ አውሮፕላን ጉዞ ያስጠነቅቃሉ። በበረራ ላይ የካቢኑ አየር ሊሳሳ የሚፈቀደው 8,000 ጫማ፣ ማለትም 2,438 ሜትር ከፍታ ላይ ካለው አየር እስኪስተካከል ብቻ ነው። የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ መሬት ከባሕር ወለል 2,330 ሜትር ገደማ ከፍ ይላል። እነሱ ለጥቂት ሰዓት የሚጠነቀቁለትን አየር እኛ ሌት ተቀን እንተነፍሰዋለን።

ሐኪም ቤት ተራ ስንጠብቅ አንድ ሰው አገኘሁ። ሕንድ፣ ቼናይ ሄዶ ነው የተቀደደው። ከተማዋ ከውቅያኖስ ጠረፍ ላይ ናት። እዚያ በኮሪደሩ ያለ ደጋፊ ይመላለስ ነበር። ሐኪሙ ትከሻውን መታ አድርጎ አሰናበተው። «ድኜ መጣሁ ብዬ ነበር» አለኝ። ቦሌ ሲወርድ ሻንጣውን ማንሳት አቃተው። ውጭ ቤተሰቡ አበባ ይዞ ይጠብቃል። በሽታው በመንገድ ላይ ተመለሰ ብሎ ያን ሌሊት ሳይተኛ አደረ፤ ለሚስቱም አልነገራትም።

ሳንባው ቼናይ የነበረው ሳንባ ነው። አዲስ አበባ ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠረፉ በሩብ ያህል ያንሳል። ይህን የነገረው የለም። የሰጡትን ባለ ብዙ ገጽ ወረቀት አሳየኝ። ስለ ምግብ አለ፣ ስለ ቁስል እጥበት አለ። ስለሚመለስበት ከተማ ከፍታ አንድም መስመር የለም።

14.

ሳንባ ከመቀደዱ በፊት የታማሚው አቅም ከሚለካባቸው መንገዶች አንዱ ደረጃ መውጣት ነው። መለያው 22 ሜትር ከፍታ ነው።

እትዬ የምትኖረው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሊፍት የለውም። ከፍታው ከዚያ ፈተና ግማሽ ያህል ነው። በቀን አንዴ ትወርዳለች። ስትመለስ ሁለተኛ ፎቅ ላይ የጎረቤት በር ታንኳኳለች። «እንዴት ዋላችሁ?» ትላለች። ልጆቹን በየስማቸው ትጠይቃለች፤ መልሱን ቆማ ትሰማለች። ከዚያ ትቀጥላለች። ጎረቤቲቱ ለእኔ፦ «እህትህ ከሕመሟ ወዲህ እንዴት ሰው ወዳድ ሆነች!»

15.

የኮሮና ጊዜ የተገዛች፣ ጣት ላይ የምትሰካ የኦክስጅን መለኪያ ቤት አለች። እትዬ «ትንፋሽ አጠረኝ» ስትል ልጇ መለኪያዋን ይሰካላታል። 93። «ደህና ነሽ እማዬ፣ ቁጥሩ ጥሩ ነው።» ቁጥሩ ለዚህ ከፍታ በእርግጥ ክፉ አይደለም። እሷ ግን አሁንም በአፏ ነው የምትተነፍሰው።

የትንፋሽ ማጠርና የኦክስጅን መጠን ሁልጊዜ አብረው አይሄዱም። የደከመ የደረት ጡንቻ፣ የተነሣ ድያፍራም፣ ፍርሃት፣ ሕመም፤ እነዚህን መለኪያዋ አታሳይም።

ከጊዜ በኋላ እትዬ «አጠረኝ» ማለት ትታለች። ልጇ መሻሏን ለዘመድ ሁሉ ነገረ።

16.

እስክስታ በትከሻ ነው። የእሷ ቀዶ ከትከሻ አጥንት ሥር ተነሥቶ በጎን ወደ ፊት የዞረ ነው። የጀርባን ሰፊ ጡንቻ ይነካል። ፊዚዮቴራፒስቷ «ጣትዎን ግድግዳ ላይ እያስኬዱ ክንድዎን ከፍ ያድርጉ፣ በየቀኑ» ብላት ነበር። አንድም ቀን አላደረገችውም። «ያማል።»

የእህታችን ልጅ ሠርግ ላይ ዘፈኑ ወደ ወሎ ሲዞር ተነሣች። ሁላችንም ደነገጥን። ዘፈኑን እስከ ግማሽ ድረስ ጨፈረች፤ ግራው ትከሻዋ ሙሉ፣ ቀኙ ትንሽ። ከዚያ ተቀምጣ ለረጅም ጊዜ ምንም አልተናገረችም። በማግስቱ ከአልጋ አልተነሣችም። «ደስታ ነው ያሳመመኝ» አለች።

አሁን በየጠዋቱ የሠርጉን ቪዲዮ ከፍታ ትከሻዋን ትንሽ ትንሽ ትነቀንቃለች። ቀኙ ከበፊቱ ከፍ ማለት ጀምሯል። ግድግዳውን አሁንም አትነካም።

17.

የንስሐ አባቷ ነግረዋታል። «ለታመመ ሰው ስግደት የለበትም። ተቀምጠሽ ጸልዪ ልጄ።» በሌላ ነገር ሁሉ ቃላቸውን አታልፍም። ስቅለት ዕለት ግን ከኋላ፣ ከዓምዱ ጀርባ፣ እሳቸው ከማያዩዋት ቦታ ቆማ ስትሰግድ አገኘኋት። እያንዳንዷን ስግደት በግራ እጇ ተደግፋ ትነሣለች። ልይዛት ሄድኩ። «ለምስጋና ነው፣ ተወኝ» አለች። ትንፋሿ እስኪመለስ ጠበቅኩ። ተውኳት።

18.

የሲቲ ስካን ቀጠሮዋ ሲቃረብ ቤቱ ውስጥ ማንም ስለ ሲቲ ስካን አያነሣም። ሁሉም ስለ ዋጋ ንረት ያወራል። በየስድስት ወሩ ነው። ቀኑ ሲቀርብ ጎኗ ይብስባታል። ውጤቱ ንጹሕ ነው ሲባል ለጥቂት ቀናት ይለቃታል። ሐኪሙ ሕመሙ ከነርቩ ነው፣ ከበሽታው አይደለም ብሎ በግልጽ ነግሯታል። ታምነዋለች። ሌሊት ጎኗ ሲወጋት የምታምነው ሌላ ነገር ነው።

ያለፈው ቀጠሮ ሳምንት የእድሯን የዓመት መዋጮ ቀድማ ከፈለች። በዚያው ሳምንት ለሳሎኑ አዲስ መጋረጃ አሠፋች።

19.

ሦስተኛ ፎቅ የምትኖር ሴት ቀዶ ሊደረግላት ነው። እሷም የሳንባ። ልጇ አምጥቷት ሳሎን ተቀመጠች። ቡና አልተፈላም፤ እትዬ «ጭሱ ላንቺም ለእኔም አይሆንም» አለች። ይህን ስትል የመጀመሪያ ጊዜዋ ነው። ሻይ ቀረበ።

ሴትየዋ «ያማል?» አለች።

እትዬ ወደ እኔ አየች። ከዚያ ወደ እሷ ዞረች። «ያማል» አለች። «ቁስሉ ከዳነ በኋላም ያማል። ሲጠይቁሽ ደህና ነኝ እንዳትዪ። ነጠላ እንኳ ሲነካሽ የሚያምሽ ጊዜ አለ፤ በሽታው ተመልሶ አይደለም፣ ነርቩ ነው። ለሚጥል በሽታ ነው የሚሉትን መድኃኒት ከሰጡሽ ዋጪው፤ እኔ አቋርጬ ነው እንዲህ የሆንኩት፣ ሰኞ ሄጄ እንደገና አጽፈዋለሁ። ክንድሽን ጎንሽ ላይ ለጥፈሽ አትያዢ፣ ይደርቃል። ደረጃው ላይ እኔ ሁለተኛ ፎቅ ነው የማርፈው። አንቺ ከፈለግሽ አንደኛው ላይ እረፊ፤ የበሩ ሴትዮ ደግ ናት፣ ወንበር ታወጣልሻለች። መስኮት እንዲዘጉብሽ አትፍቀጂ። ማራገቢያ አለሽ?»

«የከሰል ነው ያለኝ።»

«እሱ ይሆናል። ሆስፒታል ይዘሽው ግቢ።»